ጥርኙ ከመምጣቱ በፊት ተመካከሩ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ እንስሳ ነው፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ብታነቡት ስለ ትዳርም እንደሆነ ታያላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ቡናው እንደ ወትሮው ባላፈራበት ወቅት፣ በሊሙ በኩል ካለች አንዲት የቡና ከተማ አንዲት እህት እቤቴ መጣች። ቡና ፈልቶ ሦስተኛው እስኪቀዳ ድረስ ጉዳይዋን አላወጣችም። በመጨረሻ “እትዬ፣ ባለቤቴ ጥርኝ ሊያመጣ ነው” አለችኝ። የሚገዛበት ገንዘብ በዕቁብ የወጣላቸውና ልጃቸውን ጅማ ልከው ሊያስተምሩበት ያሰቡት ነበር። “አይሆንም ብለው ተቆጣኝ። ምን ላድርግ?” ስትል ጠየቀችኝ።

እኔም “የቤቱ ራስ እርሱ ነው፤ አንቺ ዝም ብለሽ ጸልዪ” አልኋት። ያን ጊዜ መንፈሳዊ ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ስለ ጥርኝ የማውቀው አንድም ነገር አልነበረም። ስለ ዝምታም ቢሆን የማውቀው ጥቂት እንደነበር የተረዳሁት ኋላ ነው።

ጥርኝ ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

ጥርኝ ድመት ቢመስልም የድመት ወገን አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል። ቀን በቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፣ ሌሊት ብቻውን ይዞራል። ፍራፍሬ፣ ነፍሳት፣ አይጥ፣ እንቁላል፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። በቡናችን ጫካ ውስጥ የበሰለ ቡናም ይለቅማል፤ ፍሬው ሳይፈጭ ስለሚወጣ ዘሩን ከቦታ ቦታ ያዳርሳል። ስለዚህ ጥርኝ ለጫካው ዘሪ ነው ማለት ይቻላል።

ከጭራው ሥር ባለው እጢ ውስጥ ዝባድ የተባለው ቅባት ይገኛል። ዝባድ ብቻውን ሲሸተት አፍንጫ ያስይዛል፤ በጥቂቱ ከሌላ ሽታ ጋር ሲቀላቀል ግን ሽቶው ቶሎ እንዳይጠፋ ያደርጋል። በዚህ ምክንያት አገራችን ለብዙ ዘመን ለዓለም ስትልከው ኖራለች። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በአባ ባጊቦ ዘመን በሊሙ እናርያ በነበረው የሰቃ ገበያ፣ ኋላም በጅማው የሂርማታ ገበያ፣ ዝባድ ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ይሸጥ ነበር። ሙያውን ይበልጡን ጠብቀው ያቆዩት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሲሆኑ፣ በአንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሯል።

የሣጥኑ ኑሮ

ከእነዚህ አባቶች አንዱን ኋላ ሄጄ ጠየቅኋቸው። “አባባ፣ ጥርኝ ማኖር ያዋጣል?” ብላቸው ሳቁና “ልጄ፣ ጥርኝ ገንዘብ አይደለም፤ የማይሄድ እንግዳ ነው። አንተ ጦምህን ብታድር እርሱ ይበላል” አሉኝ። ቀጥለውም አሠራሩን አጫወቱኝ።

ለዝባድ የሚቀመጠው ወንዱ ነው። ከጫካ በወጥመድ ተይዞ ይመጣል እንጂ እንደ ዶሮ በቤት አይራባም። የሚኖረው ከእንጨት በተሠራ፣ እንደ ልቡ ሊዞርበት በማይችል ጠባብ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ እሳት በሚነድበት ጎጆ ይቀመጣል፤ ሙቀቱ ዝባዱን ያበዛል ይባላል። የሰው ዐይን እንዳይወጋው ተብሎ እንግዳ አይገባበትም። ቀለቡ የበቆሎ ገንፎ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ነው። ልብ በሉ፣ ብዙ ልጆች ያሉት ቤት በሳምንት አንዴ የማያገኘው ምግብ ነው።

በየ9 እስከ 15 ቀኑ ገደማ እግሩና ጭራው ተይዞ ዝባዱ በማንኪያ ይወጣል። ከአንዱ ጊዜ የሚገኘው ከ10 እስከ 20 ግራም ቢሆን ነው። ዝባዱ በከብት ቀንድ ተጠራቅሞ ይሸጣል፤ አንዱ ቀንድ ግማሽ ኪሎና ከዚያም በላይ ይይዛል። እስኪ አብረን እናስላ፦ በየ10 ቀኑ 15 ግራም የሚሰጥ አንድ ጥርኝ ግማሽ ኪሎ ለመሙላት 11 ወር ያህል ይፈጅበታል። ያውም ከኖረ ነው። አዲስ ከተያዙት ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መብል እምቢ ብለው ይሞታሉ።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በበለጸጉት አገሮች የባሕር ፍጥረታትን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ በሳሎናቸው የሚያኖሩ አሉ። ማንዳሪን የምትባል እጅግ ያማረች ትንሽ ዓሣ አለች፤ ምግቧ ከድንጋይ ላይ የምትለቅማቸው ደቃቅ ሕያዋን ናቸው። ገንዳው ትንሽ ከሆነ እነርሱን በጥቂት ሳምንታት ትጨርስና፣ ውኃው ጥርት ብሎ እየታየ እርሷ ከስታ ትሞታለች። ገንዳውም ሣጥኑም አንድ ናቸው፤ ፍጥረቱን ይይዙታል እንጂ የሚኖርበትን አይይዙለትም።

ገበያውስ?

የዝባድን ምሥጢር ሳይንስ ከፈታው ቆይቷል። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው ሳይንቲስት የዝባድን መዓዛ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር አሠራር እ.ኤ.አ. በ1926 ገልጧል፤ እ.ኤ.አ. በ1939ም የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራ ምትክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንስሳት ደኅንነት ተከራካሪዎች የሣጥኑን ኑሮ ለዓለም ካሳዩ በኋላ ገዢዎች ሸሽተዋል፤ ሻኔል የተባለው የሽቶ ኩባንያም ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምትክ እንደሚጠቀም አስታውቋል። በሌላም በኩል በአገራችን የዱር እንስሳት በአዋጅ የተጠበቁ ስለሆኑ፣ ያለ ፈቃድ ጥርኝ ማጥመድ ከሕግ ጋር ያጣላል።

በዚያች ቤት የሆነው

ያ ወንድም ከእነዚህ ነገሮች አንዱንም አልጠየቀም። ጥርኙን በሌሊት አምጥቶ ከጓሮ ጎጆ ውስጥ ዘጋበት። ሚስቱ ገንፎውን እንድታገነፋ ታዘዘች፤ ጎጆው ውስጥ ግን እንዳትገባ ተከለከለች። የራስዋን ቅቤ ለማታየው እንስሳ ስትሰጥ ከረመች። በቤቱ ውስጥ የተዘጋበት ጥርኙ ብቻ አልነበረም።

በአራተኛው ሳምንት ዝባድ ሊያወጣ ሲታገል ጥርኙ አውራ ጣቱን ነከሰው። እርሱም ጣቱን በጨርቅ አስሮ፣ “ገጀራ ነው” ብሎ ዋሸ። ሦስት ቀን ቆይቶ ጥርኙ ሞተ። ሸሚዙን ስታጥብ ደሙን ያየችው ሚስቱ የዚያን ቀን ዝም አላለችም። “እውነቱን ንገረኝ፤ የልጆቼ አባት ነህ” አለችው። እርሱም ነገራት።

ውድ አንባቢያን፣ የዱር እንስሳ ንክሻ ቀላል ነገር አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በውሻ ብቻ አይተላለፍም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ጸሎታችን ክትባቱን አይተካም፤ ክትባቱም ጸሎታችንን አይከለክልም።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ጅማ ወረዱ። ክትባቱ በቀጠሮ የሚሰጥ ስለሆነ ደጋግመው ተመላለሱ፤ እርሷም በየቀጠሮው አብራው ሄደች። ከቀጠሮ ሲመለሱ በሚኒባስ ውስጥ “የፈራሁት ድህነትን ነበር፤ ያጣሁት ግን አንቺን ነው” ብሎ እንዳለቀሰ ኋላ ራሱ ነገረን። እርሱ ዳነ። ልጃቸው ትምህርቷን የጀመረችው ግን አንድ ዓመት ዘግይታ ነው።

እኔም ወደዚያች እህት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። የሰጠኋት ዝምታ ባሏን ሊገድለው ነበርና።

ባልና ሚስት ሆይ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ

ጌታችን ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ አስተምሯል (ሉቃስ 14፥28)። ተቀምጦ ማስላት ለባለትዳር ሁለት ሰው ይጠይቃል። ጥርኝም ይሁን ሌላ ሥራ፣ ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን አብራችሁ ጠይቁ፦

ገንዘቡ ለምን ታስቦ ነበር? ቢጠፋ ማን ይጎዳል?

በየቀኑ የሚለፋበት ማን ነው? እርሱ ወይም እርሷ ተስማምተዋል?

ገዢው ማን ነው? ሕጉስ ይፈቅዳል?

ከመካከላችን አንዱ እንዳይገባበት የተከለከለ ጎጆ አለ?

ፈቃድ ኖሯችሁ ጥርኝ የምታኖሩ ካላችሁ ደግሞ፣ ሣጥኑን አስፉለት፣ ቀን በጨለማ ይረፍ፣ ንጹሕ ውኃ አይለየው፣ በባዶ እጅ አትያዙት፣ ልጆችን አታስጠጉ። ምሳሌ 12፥10 ጽድቅ ለእንስሳ በመራራትም እንደሚታይ ያሳየናል። ጥርኝ በዱር ሳለ በየግንዱ ላይ ዝባዱን እየቀባ ይሄዳል፤ እንስሳውን ሳይዙ ያንን መሰብሰብ ይቻል እንደሆነ አጥኚዎች መርምረዋል። ለልጆቻችን የተሻለ መንገድ በዚያ በኩል ይመጣ ይሆናል።

ያ ጎጆ ዛሬም አለ። ባለፈው ስንጠይቃቸው ሣጥኑ ወጥቶ ተፈልጧል፤ ጎጆው የቡና ማስቀመጫ ሆኗል። በሩ ቁልፍ የለውም። ቡናውን ከዚያው አውጥታ የቆላችልን እርሷ ናት፤ ስኒ ያቀረበልን ደግሞ እርሱ ነው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!