ስስ አየርና ትንሹ ስፒትፋየር፦ በኤሌክትሪክ የሚበር ሞዴል የጦር አውሮፕላን በአዲስ አበባ ከፍታ

በሬዲዮ የሚመሩ ሞዴል አውሮፕላኖችን ለሚሠራ ሰው የሚቀርቡ ንድፎች፣ የሞተርና የፕሮፔለር መምረጫ ሠንጠረዦች እንዲሁም የማስተማሪያ ፊልሞች በአብዛኛው የሚመነጩት ለባሕር ጠለል ቅርብ ከሆኑ አገሮች ነው። በውስጣቸው የሚገኘው ቁጥር ሁሉ የዚያን አካባቢ አየር ታሳቢ ያደረገ ቢሆንም፣ ይህንን በግልጽ የሚጠቅሱት ጥቂቶች ናቸው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የከፍታውን ነገር ሳያገናዝብ ንድፉን እንዳለ የገለበጠ ሠሪ የብዙ ሳምንት ድካሙን በመጀመሪያው ማረፊያ ሊያጣው ይችላል። ይህ ጽሑፍ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ፣ መጠኑ ምን ያህል እንደሆነና ሠሪውም አብራሪውም ምን ማስተካከል እንዳለባቸው በአንድ ምሳሌ ለማብራራት ይሞክራል። ከዚህ በታች የቀረቡት የበረራ ቁጥሮች በስሌት የተገኙ ናቸው።

ምሳሌው የእንግሊዙ ተዋጊ አውሮፕላን ስፒትፋየር ነው። ሬጂናልድ ሚቸል የነደፈው ይህ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1936 ሲሆን፣ ሞላላ ክንፉ ዛሬም ድረስ የሞዴል ሠሪዎችን ልብ ይስባል። የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.23 ሜትር፣ የክንፉ ስፋት 22.48 ካሬ ሜትር፣ የመጀመሪያዎቹ ምርቶች የበረራ ክብደትም 2,600 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። በአንድ አሥረኛ ልክ ቢሠራ ክንፉ 1.12 ሜትር ይረዝማል፤ በአንድ ሰው ብብት ሥር የሚያዝ፣ በታክሲም ሊጓጓዝ የሚችል መጠን ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ይነሣል። ርዝመት በ10 ሲካፈል ስፋት በ100፣ ይዘት ደግሞ በ1,000 ይካፈላል። ስለሆነም የሞዴሉ ክንፍ ስፋት 0.225 ካሬ ሜትር፣ ክብደቱም በዚሁ ሕግ ከተሰላ 2.6 ኪሎ ግራም ይሆናል። ነገር ግን ይህን ያህል የሚመዝን ሞዴል በዚህ ክንፍ ላይ ተሸክሞ ማብረር ለጀማሪ የሚመከር አይደለም። በባሕር ጠለል አቅራቢያ ያሉ ሠሪዎች ለዚህ መጠን 1.2 ኪሎ ግራም አካባቢ ክብደት ቢያገኙ ሥራቸው እንደ ሠመረ ይቆጥሩታል። እኛም ስሌታችንን ከዚሁ ቁጥር እንጀምር።

አውሮፕላን በዝግታ ሲበር ከአየር ላይ ላለመውደቅ አፍንጫውን ቀና ያደርጋል፤ ክንፉ ከነፋሱ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ ግን አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቃል፣ ሽቅብ የሚያነሣው ኃይልም በድንገት ይቀንሳል። ይህ ሁኔታ ስቶል ይባላል። ስቶል የሚደርስበት ፍጥነት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ በክብደቱ፣ በክንፉ ስፋትና በአየሩ እፍግታ። በባሕር ጠለል የአየር እፍግታ በመደበኛ ስሌት 1.225 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ የሙቀቱ መጠን 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ቀን፣ 0.905 ገደማ ይሆናል። ይህም ማለት ክንፉ የሚደገፍበት አየር ከሩብ በላይ ጎድሏል ማለት ነው።

የ1.2 ኪሎ ግራሙ ስፒትፋየር በባሕር ጠለል በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስቶል የሚያደርግ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ ያው አውሮፕላን 39 ኪሎ ሜትር ላይ ስቶል ያደርጋል። የስድስት ኪሎ ሜትር ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ መሬት ሲነካ የሚሸከመው የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በ35 በመቶ ይጨምራል፤ ፎሙን የሚሰነጥቀው፣ የሞተሩን መቀመጫ የሚነቅለው ይኸው ጭማሪ ነው። በአዲስ አበባ የባሕር ጠለሉን የማረፊያ ፍጥነት ማግኘት የሚፈልግ ሠሪ ክብደቱን ከ1.2 ኪሎ ግራም ወደ 890 ግራም ማውረድ ይኖርበታል። በእኔ ግምት የጽሑፉ ዋና ቁጥር ይህ ነው፤ ሌላው ውሳኔ ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

የክንፉ ጫፍ

ስፒትፋየር ለሞዴል ሠሪ ተጨማሪ ፈተና አለው። ሞላላ ክንፍ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ጭነቱን በመላ ርዝመቱ እኩል ያከፋፍላል፤ ስለዚህም አየሩ ከግንዱም ከጫፉም በአንድ ጊዜ ይላቀቃል ተብሎ ይጠበቃል። በትንሽ ሞዴል ላይ ግን ጫፉ ይቀድማል። ምክንያቱ የሬይኖልድስ ቁጥር ነው፤ ይኸውም የአየሩ የመፍሰስ ጉልበት ከዝልግልግነቱ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚለካ ቁጥር ነው። በእውነተኛው አውሮፕላን ክንፍ ላይ ይህ ቁጥር በማረፊያ ጊዜ እንኳ ከ4 ሚሊዮን ይበልጣል። በሞዴላችን መካከለኛ የክንፍ ወርድ ላይ፣ በአዲስ አበባ አየር፣ 108,000 አካባቢ ነው፤ ወርዱ 8 ሴንቲ ሜትር ወደሚሆንበት ጫፍ ሲቃረብ ደግሞ ወደ 43,000 ይወርዳል። በዚህ ደረጃ አየሩ ከክንፉ ቆዳ ለመላቀቅ ሰበብ ብቻ ይፈልጋል። አንደኛው ጫፍ ከሌላው ቀድሞ ሲከዳ አውሮፕላኑ ወደዚያው ይገለበጣል፤ ከፍታው ዝቅተኛ ከሆነም ለማስተካከል ጊዜ አይኖርም።

መፍትሔው በእውነተኛው ስፒትፋየር ላይ ነበር። የክንፉ ግንድ ሁለት ዲግሪ ወደ ላይ፣ ጫፉ ደግሞ ግማሽ ዲግሪ ወደ ታች እንዲያዘነብል ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ጫፉ ሁልጊዜ ከግንዱ ባነሰ ማዕዘን ነፋሱን ይቀበላል። በሞዴል ላይ ይህንኑ ጠምዘዝ ያለ ቅርጽ፣ ከተቻለም ትንሽ ጨምሮ፣ መድገም ያስፈልጋል። ሁለቱ ክንፎች እኩል መጠምዘዛቸውን መለካት ደግሞ ከመጠምዘዙ ያላነሰ ዋጋ አለው፤ ሙጫው እስኪደርቅ ክንፉን በተዘጋጀ የጠረጴዛ ድጋፍ ላይ ማሰር ይበጃል። ማቅለል ራሱ የራሱ ዋጋ እንዳለው መጥቀስም ይገባል፤ ቀላል አውሮፕላን በዝግታ ስለሚበር የሬይኖልድስ ቁጥሩ ይበልጥ ይወርዳል። ቢሆንም ከሁለቱ ጉዳቶች ይኸኛው ያነሰው ነው።

(ከአገራችን ታሪክ ጋር የሚዛመድ ሞዴል ለሚፈልግ ሰው፣ የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከስዊድን የገዛው ሳብ 17 የተሻለ ምርጫ ይመስለኛል። ክንፉ ወደ ጫፉ በቀጥታ መስመር የሚጠብ በመሆኑ ለመቁረጥ ይቀላል፤ እግሮቹም በትልልቅ ሽፋኖች ውስጥ ስለሚቀመጡ ሳይታጠፉ ቢቀሩ እንኳ መልኩ አይበላሽም።)

ሞተሩና ፕሮፔለሩ

የእውነተኛው ስፒትፋየር ሜርሊን ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥል በመሆኑ በከፍታ ላይ የሚጎድለውን አየር የሚሞላ መጭመቂያ ነበረው። የኤሌክትሪክ ሞተር ይህ ችግር የለበትም። ከባትሪው የሚያገኘውን ጉልበት ስስ አየር አይቀንስበትም፤ በከፍታ ላይ ለሚበር ሰው ኤሌክትሪክ ከነዳጅ የሚመረጥበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። የሚደክመው ፕሮፔለሩ ነው። ፕሮፔለር የሚጎትተው ኃይል ከአየሩ እፍግታ፣ ከዙር ፍጥነቱ ካሬና ከዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ጋር አብሮ ያድጋል። የሚበላው ጉልበት ደግሞ ከዙር ፍጥነቱ ሦስተኛ፣ ከዲያሜትሩ አምስተኛ ርቢ ጋር ይሄዳል።

በቁጥር እንየው። ባለ 3 ሴል ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ፣ መደበኛ ቮልቴጁ 11.1 ቮልት፣ 10 ኢንች ፕሮፔለር እያዞረ በባሕር ጠለል 27 አምፔር ይስባል እንበል፤ ይህም 300 ዋት ነው። የዙር ፍጥነቱ ካልተለወጠ ያው ፕሮፔለር በአዲስ አበባ 20 አምፔር ብቻ ይስባል፣ የመጎተት ኃይሉም በ26 በመቶ ይቀንሳል። ብዙዎች የአምፔሩን መቀነስ አይተው ሞተሩ ተመችቶታል ይላሉ፤ በእርግጥ ግን ሞተሩ የሚገፋው ነገር አጥቶ ነው። 11 ኢንች ፕሮፔለር ሲገጠም የመጎተት ኃይሉ ከመጀመሪያው በ8 በመቶ ይበልጣል፣ የሚስበው ደግሞ ወደ 32 አምፔር ይጠጋል። በተግባር የዙር ፍጥነቱ ጭነት ሲቀል በትንሹ ስለሚጨምር፣ ሲከብድም ስለሚቀንስ፣ እውነተኛው ውጤት ከእነዚህ ቁጥሮች ትንሽ ይለያል። ስለሆነም ከመብረር በፊት አውሮፕላኑን በጥብቅ አስይዞ በዋት መለኪያ መፈተሽ ግዴታ ነው። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ባለ 40 አምፔር ቢሆን በቂ ትርፍ ይኖረዋል። ስስ አየር ሙቀትን በደንብ እንደማያነሣም መዘንጋት የለበትም፤ በአፍንጫው ሥር የአየር መግቢያ፣ ከበስተኋላውም ከመግቢያው ሰፋ ያለ መውጫ መክፈት ያስፈልጋል።

ግራሞቹ የት ይሄዳሉ?

ከ890 ግራሙ ውስጥ ባትሪው 180፣ ሞተሩ 110፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያው 40፣ አራት ትንንሽ ሰርቮዎች 36፣ ፕሮፔለሩ ከነቆቡ 30፣ ሬዲዮ ተቀባዩ 10 ግራም ገደማ ይወስዳሉ። ለአካሉ የሚተርፈው 480 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። ይህ በፎም ንጣፍና በአንድ የካርበን ቱቦ አጥንት የሚደረስበት ቁጥር ነው፤ ሙጫና ቀለም ላይ እጁ የተፈታ ሠሪ ግን በቀላሉ ያልፈዋል። የሚታጠፍ እግር መተው ትልቁ ቁጠባ ነው። የእውነተኛው ስፒትፋየር እግሮች እርስ በርስ የተቀራረቡ ስለነበሩ በመሬት ላይ ሚዛኑን ለመጠበቅ ያስቸግር ነበር፤ ሞዴሉ በእጅ ተወርውሮ ተነሥቶ በሆዱ ሣር ላይ ቢያርፍ የሚጎድልበት መልኩ ብቻ ነው። አፍንጫው አጭር፣ ጅራቱ ረጅም በመሆኑም በጅራቱ ላይ የተጨመረች አንድ ግራም አፍንጫው ላይ ሦስትና አራት ግራም ማመጣጠኛ ትጠይቃለች። ስለዚህ የጅራቱ ክፍል ከሁሉ በላይ ቀጭን፣ ቀለሙም ስስ ይሁን። የክብደት ማዕከሉ ከመካከለኛው የክንፍ ወርድ 25 በመቶ ላይ፣ ቢበዛ ከ30 በመቶ ሳያልፍ፣ መውደቅ አለበት፤ ባትሪውን በትንሹ ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሱ ማስተካከል ይቻላል።

በአየር ላይ

የመጀመሪያው በረራ ለስላሳ ነፋስ ባለበት ማለዳ፣ ከሰው፣ ከመንገድና ከአውሮፕላን ማረፊያ ርቆ፣ የሚመለከተውን አካል ፈቃድ አስቀድሞ በመጠየቅ ይደረጋል። ወርዋሪው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ፣ አፍንጫውን ሳያቀና፣ አግድም ይገፋዋል። ፕሮፔለሩ ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ የሚዞር ከሆነ አካሉን ወደ ግራ ለማዘንበል ይታገላል፤ ለዚህም ሞተሩን ሁለት ሦስት ዲግሪ ወደ ቀኝ አዘንብሎ መግጠም ይረዳል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የሚመጣው ግን ከዓይን ነው። መሬት ላይ የቆመ አብራሪ የፍጥነት መለኪያ የለውም፤ የሚፈርደው አውሮፕላኑ በሜዳው ላይ በሚያልፍበት ፍጥነት ነው። ይህ ዓይን በባሕር ጠለል በተቀረጹ ፊልሞችና በኮምፒውተር ማስመሰያ የሠለጠነ ከሆነ፣ በአዲስ አበባ አየር ትክክለኛው የማረፊያ ፍጥነት «በጣም ፈጠነ» ይመስለዋል፤ ጣቱም ሳያስበው ጉልበቱን ይቀንሳል። ከዚያ ወደ ማረፊያው መስመር የመጨረሻው መታጠፊያ ይመጣል። ከፍታ ሳይቀንስ በ60 ዲግሪ ዘንበል ብሎ የሚታጠፍ አውሮፕላን ክብደቱ እጥፍ እንደሆነ ያህል ስለሚሸከም የስቶል ፍጥነቱ በ1.41 ይባዛል፤ የ1.2 ኪሎ ግራሙ ሞዴል እዚያ ላይ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ያስፈልገዋል። ነፋስ ከኋላው እየገፋው ከሆነ ደግሞ ለዓይን ከዚህም በላይ የፈጠነ ይመስላል።

ይህን ለመከላከል ከፍ ብሎ፣ ቢያንስ 50 ሜትር ላይ፣ ጉልበቱን ቀስ በቀስ ቀንሶ ስቶሉን ሆን ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ አፍንጫው በየትኛው ፍጥነት እንደሚወድቅ፣ የትኛው ክንፍ እንደሚቀድም፣ ለመመለስ ስንት ሜትር እንደሚፈጅ። ይህ ልምምድ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደግሞ ዓይን አዲሱን ፍጥነት ከተላመደ በኋላ መታጠፊያውን ሰፊና ዝርግ፣ ጉልበቱንም ከግማሽ በታች ሳያወርዱ ማድረግ ይቻላል። 2,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በአማካይ 16 አምፔር ቢሳብ፣ 80 በመቶው ስድስት ደቂቃ ተኩል ያህል ይበቃል። የሬዲዮው ሰዓት ቆጣሪ በአምስተኛው ደቂቃ እንዲጮህ ቢደረግ፣ የመጀመሪያው ሙከራ ካልተሳካ ዞሮ ለመመለስ የሚበቃ ጉልበት በባትሪው ውስጥ ይቀራል።