ጠርሙስ ውስጥ የሚኖሩ ሴሎች

የላቦራቶሪ ባለሙያ ጠዋት ሴሎች የሚያድጉበትን ኢንኩቤተር ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ሴሎቹን ሳይሆን ያሉበትን ፈሳሽ ቀለም ነው። ቀይ ከሆነ ደህና ናቸው። ወደ ቢጫ ከዞረ አሲድ በዝቷል፤ ሴሎቹ ከልክ በላይ ተባዝተዋል፣ አለዚያም ባክቴሪያ ገብቷል። ወደ ሐምራዊ ካደላ ደግሞ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዙ ሳይቋረጥ አልቀረም። ይህን ሁሉ የሚናገረው ፌኖል ሬድ የተባለ፣ በምግቡ ፈሳሽ ውስጥ በጥቂቱ የሚጨመር ማቅለሚያ ነው።

ሴል በእንስሳው አካል ውስጥ ሳለ ሳንባና ኩላሊት የደሙን አሲድነት ይጠብቁለታል፣ ሙቀቱም አይዋዥቅበትም። ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ይህን ሁሉ ማሽን መተካት አለበት። አብዛኞቹ የአጥቢ እንስሳት ሴሎች የሚስማማቸው ፒኤች (የአሲድነት ልክ) ከ7.2 እስከ 7.4 ነው። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ይህን ልክ የሚጠብቀው ኢንኩቤተሩ ውስጥ 5 በመቶ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲኖር ነው። ከታች የሚቀመጠው የውሃ ትሪም ያለ ምክንያት አልተቀመጠም፤ አየሩ ከደረቀ ፈሳሹ ይተንና ጨው ይበዛበታል፣ ጨዉም ከሴሉ ውስጥ ውሃ ይስባል።

ሙቀቱ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዚህ ሁለት ሦስት ዲግሪ ከፍ ማለቱ ያንኑ ያህል ዝቅ ከማለቱ ይልቅ እጅግ ይከፋል፤ ሙቀት ሴሉን ይጎዳል፣ ቅዝቃዜ ግን ብዙውን ጊዜ እድገቱን ብቻ ያዘገያል። መድኃኒት አምራቾች ይህን ለጥቅም አውለውታል። ከቻይና ሐምስተር እንቁልጢ እ.ኤ.አ. በ1957 የተገኘው የሲኤችኦ ሴል ዛሬ ብዙ የፕሮቲን መድኃኒቶች የሚመረቱበት ነው። መጀመሪያ በ37 ዲግሪ እንዲባዛ ይደረጋል፤ ቁጥሩ ሲበቃ ሙቀቱ ወደ 33 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ያኔ መከፋፈሉን ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜም የሚፈለገውን ፕሮቲን አብዝቶ ይሰጣል። የነፍሳት ሴሎች ግን ሌላ ዓለም ናቸው፤ በ27 ዲግሪ፣ ያለ ተጨማሪ ጋዝ ያድጋሉ።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው የኦክስጅን ጉዳይ ነው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን አለው፤ በአካል ውስጥ ያሉ አብዛኞቹ ሴሎች ግን የሚደርሳቸው ከዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ለአሥርተ ዓመታት ሴሎች ሲያድጉ የኖሩት በተራው አየር ነው። የአይጥ ሴሎች በዚህ ሁኔታ ጥቂት ጊዜ ተከፋፍለው ሲቆሙ ብዙዎች ተፈጥሯዊ እርጅና አድርገው ወሰዱት። በ2003 የተመራማሪዋ ጁዲት ካምፒሲ ቡድን እነዚያኑ ሴሎች በ3 በመቶ ኦክስጅን ሲያሳድጋቸው ሳይቆሙ መከፋፈላቸውን ቀጠሉ። ያቆማቸው ኦክስጅን በዲኤንኤያቸው ላይ ያደረሰው ጉዳት ነበር። የሰው ሴሎች ይህን ጉዳት የተሻለ ይቋቋማሉ። እርጅና የተባለው ነገር በከፊል የኢንኩቤተሩ አየር ውጤት መሆኑ ስንት ሙከራ ዳግም መታየት እንዳለበት ያሳስባል።

ሴሉ የሚያርፍበት ገጽም ዝም ብሎ ወለል አይደለም። በ2006 ተመራማሪዎቹ አዳም ኤንግለርና ዴኒስ ዲሸር የሰው መቅኔ ግንድ ሴሎችን በተለያየ ጥንካሬ ጄል ላይ ዘሩ። እንደ አንጎል በለሰለሰው ላይ የነርቭ ሴል መልክ ያዙ፣ እንደ ጡንቻ ባለው ላይ የጡንቻ፣ በጠንካራው ላይ የአጥንት። ምግባቸው አንድ ነበር።

ይህ ዕውቀት ለአርብቶ አደሩም ቅርብ ነው። የከብት ደስታ በሽታን ክትባት ተመራማሪው ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ሙጉጋ ያዘጋጀው በጥጃ ኩላሊት ሴሎች ላይ ቫይረሱን ደጋግሞ በማሳደግ ነበር፤ በሽታው በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በ1880ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያን ከብት የፈጀውና የክፉ ቀንን ረሃብ ያመጣው ይኸው በሽታ ነው። ዛሬ ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባትን ቬሮ በተባሉ፣ በ1962 ጃፓን ውስጥ ከአፍሪካ አረንጓዴ ጦጣ ኩላሊት በተገኙ ሴሎች ላይ ያመርታል። ቫይረስ ያለ ሕያው ሴል ስለማይባዛ፣ ሴሎቹ በሙቀት ወይም በአሲድ ከተጎዱ የሚሰበሰበው ቫይረስ ያንሳል። እዚያው ቢሾፍቱ ያለው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ ፓንቫክ፣ ከአህጉሩ አምራቾች የሚላኩለትን ክትባቶች ጥራት ሲመረምር በአንድ መጠን ውስጥ ያለውን የሕያው ቫይረስ ብዛት ይለካል።