የቴአትር ቤቶቻችን ድምፅ በነጋዴው መጋዘን

ነጋዴ የዕቃውን ጠባይ ያውቃል። ጨው እርጥበት እንደሚስብ፣ ቡና የጎረቤቱን ሽታ እንደሚይዝ፣ እህል ከዘገየ እንደሚነቅዝ ማንም አያስተምረውም። ይሁን እንጂ በብዙዎቻችን መጋዘን ውስጥ ሲበላሽ ሽታም ሆነ ቀለም የማያሳይ፣ አንድ ጊዜ ከጠፋም በምንም ገንዘብ ተመልሶ የማይገዛ ዕቃ ተቀምጧል። ይኸውም በቴፕ ላይ የተቀዳ ድምፅ ነው።

ባለፈው የዓመት መጨረሻ ቆጠራ ጊዜ፣ ቱላ በሚገኘው የንግድ ቤታችን መጋዘን ጥግ፣ ከጨው ጆንያዎች በስተጀርባ ሁለት ካርቶን አሮጌ ካሴት አገኘን። በጠቅላላው 58 ካሴቶች ሲሆኑ፣ የአሠሪዬ ታላቅ ወንድም ቀድሞ ይዘውት ከነበረው ሙዚቃ ቤት የተረፉ ናቸው። እኔም በቆጠራው መዝገብ «ዋጋ የሌለው» በሚለው ዓምድ ሥር ልጽፋቸው ብዕሬን አነሣሁ። አሠሪዬም «ፕላስቲክ ለሚሰበስቡት ልጆች ስጣቸው፤ ቦታ ይለቀቅልን» አሉኝ።

ነገር ግን የአንዱን ካሴት ጀርባ ባነብበው «ከራዲዮ የተቀዳ፤ ፍቅር እስከ መቃብር፤ ወጋየሁ» የሚል የእጅ ጽሑፍ አየሁ። በሌላው ላይ ደግሞ «ቴአትር፣ እሑድ» ከሚሉት ሁለት ቃላት በቀር ምንም አልተጻፈም። «ጋሼ፣ እነዚህን ከመስጠታችን በፊት እንስማቸው» ብዬ ለመንኋቸው፤ እርሳቸውም ፈቀዱልኝ። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያ ቀን ነው።

ራዲዮ ለቴአትር የዋለው ውለታ

የቴአትር ሥራ ከሌላው የጥበብ ሥራ የሚለይበት አንድ ጉዳት አለው። ሥዕል በግድግዳ ላይ፣ መጽሐፍም በመደርደሪያ ላይ ይቆያል፤ የተዋናይ ድምፅ ግን መጋረጃው ሲወርድ ያበቃል። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም.፣ ጠላት አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ፣ የሕዝቡን ልብ ለማነቃቃት ተቋቋመ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። ሁለቱም አዲስ አበባ የሚገኙ ስለሆኑ፣ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በቱላና በአካባቢዋ ለሚኖር ገበሬና ባለሱቅ መድረካቸውን ለማየት የሚችልበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነበር። የተዋንያኑን ድምፅ እስከ በሩ ድረስ ያመጣለት ራዲዮ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የታወቀው ምስክር አርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ ናቸው። እኚህ ታላቅ የመድረክ ሰው በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር በኢትዮጵያ ራዲዮ ተረኩት። መጽሐፉን ለማንበብ ያልታደሉ ብዙ ሰዎች ታሪኩን ያወቁት በእርሳቸው አንደበት ነው። በመድረክ የተጫወቱትን ለማየት የቻለው በአዳራሹ የተገኘው ሰው ብቻ ሲሆን፣ ትረካቸው ግን በቴፕ ስለ ተቀዳ እርሳቸው ከዚህ ዓለም ከተለዩ በኋላ የተወለደ ወጣት ሁሉ ዛሬም ይሰማዋል። ስለዚህ የአንድ ሰው ጥበብ ከሞት በኋላ እንዲሠራ ያደረገው የቴፕ ጥቅልና እርሱን በመደርደሪያ ያስቀመጠ ሠራተኛ ነው ለማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ዝነኛው ትረካ ብዙ ቅጂ ስላለው አያሳስበንም። የሚያሳስበን «ቴአትር፣ እሑድ» ተብሎ የተጻፈበት፣ ተዋንያኑና ደራሲው ያልተመዘገቡበት፣ ሁለተኛ ቅጂው ይኑር አይኑር የማይታወቀው ካሴት ነው።

የነጋዴው ድርሻ ከጥንት ጀምሮ ነው

ከአንባብያን አንዳንዶቹ ይህ የቴአትር ቤትና የቤተ መዛግብት ጉዳይ ነው፤ ንግድን ምን አገባው ይሉ ይሆናል። ታሪኩ ግን ሌላ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ቀዳሚ የሆኑት ኢትዮጵያዊ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ እኚህም ሰው ነጋድራስ የሚለውን የንግዱን ዓለም ማዕረግ የተሸከሙ ነበሩ። ከመቶ ዓመት በኋላ ሸክላዎቹ ተፈልገው ድምፃቸው በሲዲ እንደገና ሊታተም የቻለው፣ ያን ያህል ዘመን የጠበቃቸው ሰው ስለ ነበረ ነው።

ከዚያ በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ልዩ መብት ለሀገር ፍቅር ተሰጥቶ ሳለ፣ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው ወጣቱ ነጋዴ አመሐ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. በራሳቸው ድፍረትና በራሳቸው ገንዘብ ሸክላ ማሳተም ጀመሩ። የተቀዳውን ድምፅ ወደ ውጭ አገር፣ መጀመሪያም ወደ ሕንድ ልከው እያሳተሙ፣ የታተመውን እንደማንኛውም የገቢ ዕቃ ቀረጥ ከፍለው አስገቡ። ስድስት ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላዎች አወጡ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሥራ ጀምሮ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለዓለም ሲያሰማ፣ ከዋነኞቹ ምንጮች አንዱ ይኸው አንድ ነጋዴ ያሳተመው ሀብት ነበር።

በውጭ አገርም ነገሩ እንዲሁ ነው። በኒው ዮርክ የሚገኘው ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ትርኢቱን እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 25 ቀን 1931 ጀምሮ በራዲዮ ሲያሠራጭ ቆይቷል። ከ1940 እስከ 2004 ድረስ፣ ማለት ከ60 ዓመት በላይ፣ የሥርጭቱን ወጪ የቻለው ቴክሳኮ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ነው። ከዚያ ሥርጭት የተቀዱት ድምፆች ዛሬ የዚያ የኦፔራ ቤት የታሪክ መዝገብ ናቸው። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ፣ የዚሁ ቤት የመጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ሊዮኔል ማፕልሰን በሰም በርሜል ላይ ድምፅ በሚቀዳ መሣሪያ ከመድረኩ አጠገብ ሆኖ የዘማሪዎቹን ድምፅ ይቀዳ ነበር። ያስቀረው ድምፅ በጩኸትና በስንጥቅ የተሞላ ቢሆንም፣ የዚያን ዘመን መድረክ በዚያው ሰዓት የሚያሰማ ከእርሱ የተሻለ ምስክር አልተገኘም።

የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ቴፕ ውድ ስለ ነበረ፣ ብዙ ድራማዎች እየተደመሰሱ በላያቸው ሌላ ተቀዳባቸው። በኋላ ጸጸት በመጣ ጊዜ፣ ምስላቸው ከጠፋው አንዳንዶቹ ድምፃቸው ሊገኝ የቻለው ተመልካቾች በየቤታቸው በገዛ ቴፓቸው ቀድተው ስላስቀመጡት ነው። ታላቁ ድርጅት የጣለውን ተራው ሰው ጠብቆታል ማለት ነው። በየሱቁ ጥግ የተጣለውን ካሴት ስናይ ይህን ማስታወስ ይገባናል።

የቴፕ ጠባይና አያያዙ

ቴፕ ማለት ቀጭን ፕላስቲክ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ነው። ማጣበቂያው በዘመን ብዛት እርጥበት እየሳበ ይሟሟል፤ ዱቄቱም ከፕላስቲኩ ይላቀቃል፤ ሻጋታም ያበቅላል። ከጨው ጆንያ አጠገብ ማስቀመጣችን ምን ያህል ስሕተት እንደ ነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅ ቤተ መዛግብት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 በጀመሩት ዘመቻ፣ ቴፕ ማጫወቻ መሣሪያዎችና መለዋወጫዎቻቸው እ.ኤ.አ. ከ2025 ገደማ በኋላ እንደ ልብ እንደማይገኙ አስጠንቅቀው ነበር። ቴፑ በሕይወት ቢኖር እንኳ የሚያናግረው መሣሪያ ሊጠፋ ነው።

ስለዚህ አሮጌ ካሴት በእጁ ያለ ሰው ሁሉ እነዚህን ጥቂት ነገሮች ቢያደርግ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፣ በካሴቱ የኋላ ጠርዝ ላይ የሚገኙትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበር፤ ከዚያ ወዲያ በስሕተት ሌላ ድምፅ አይቀዳበትም።

ሁለተኛ፣ ካሴቱን በደረቅና ጥላ ባለበት ቦታ አቁሞ ያስቀምጥ፤ ፀሐይ ላይ አያስጣ፤ ከድምፅ ማጉያና ከጄኔሬተር ያርቀው።

ሦስተኛ፣ የሻገተውን ወይም የተጣበቀውን በግድ አያጫውት፤ ለባለሙያ ያቆየው።

አራተኛ፣ ደኅናው ካሴት የመጀመሪያ ጊዜ ሲጫወት በዚያው ወደ ኮምፒውተር ይቀዳ፤ ድምፁም ሳይጨመቅ ይቀመጥ፤ ሁለት ቅጂ ሆኖ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይኑር።

አምስተኛ፣ ካሴቱ ከየት እንደ ተገኘ፣ ማን እንደ ቀዳው፣ መቼ እንደ ሆነ የሚያስታውስ ሰው ሳለ ይጻፍ።

የሥራውን ብዛት በሒሳብ ብንመለከተው፣ የአንድ ሰዓት ካሴት ለመቅዳት አንድ ሰዓት ይፈጃል። የእኛዎቹ 58 ካሴቶች ሁሉም ባለ 60 ደቂቃ ቢሆኑ፣ በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከሰባት ቀን ጥቂት በለጥ ያለ ሥራ ነው። የአንድ ሳምንት ደመወዝ መሆኑ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ገንዘብ በየዓመቱ በነቀዝ ስንት ጊዜ አጥተናል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲባል ያስፈልጋል። ለመጠበቅ መቅዳትና ቀድቶ መሸጥ አንድ አይደሉም። የደራሲው፣ የተዋናዩና የአሳታሚው መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ስለሆነ፣ ካሴቱን የገዛ ሰው የድምፁ ባለቤት ሆነ ማለት አይደለም። እኛ አደራ ጠባቂዎች ነን።

ለአባሎች የቀረበ አሳብ

ንግድ ምክር ቤቱ ፈቃዱ ቢሆን፣ በአካባቢያችን የሚገኙ አሮጌ ሙዚቃ ቤቶችና ሱቆች ያላቸውን ቴፕ፣ ካሴትና ሸክላ በአንድ ቅጽ እንዲያስመዘግቡ ቢያሳስብ መልካም ነው። ደኅና ማጫወቻ ያለው አባል በተራ ቢያውስ፣ ወደ አዲስ አበባ ቡና ጭኖ የሚሄድ የጭነት መኪናም በግዴለሽነት ሳይሆን በደረሰኝ ካርቶኑን ለቤተ መዛግብት ወይም ለራዲዮ ጣቢያው ቢያደርስ፣ ወጪው ቀላል ይሆናል። ደግሞም ጥቅሙ ለአዲስ አበባ መድረክ ብቻ አይደለም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በእኛው ካርቶን ውስጥም በሲዳምኛ የተዘፈኑ ዘፈኖች ያሉበት ካሴት ተገኝቷል።

አሁን ወደ «ቴአትር፣ እሑድ» ልመለስ። የመጀመሪያው ገጽ ደኅና ነበር። አንዲት ሴት ባሏን ስታሞግት፣ ተመልካቹም በሳቅ ሲያወካ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሰማን። ሥራ ያቆሙት ተሸካሚዎች ሳይቀሩ አብረው ሳቁ። ሁለተኛውን ገጽ ስናዞር ሴትዮዋ አንድ ነገር ልትናገር ስትጀምር ድምፅዋ ተቆረጠና የኋለኛ ዘመን ዘፈን ገባ። አሠሪዬ ወዲያው ነገሩን ተረዱት። ባዶ ካሴት በጠፋበት ጊዜ ወንድማቸው የደንበኛ ትእዛዝ ለማድረስ በአሮጌው ላይ ይቀዱ ነበር። «እኔም አጠገቡ ቆሜ አይ ነበር» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሴትዮዋ ምን ልትል እንደ ነበር የሚያስታውስ አንባቢ ወይም የዚያ ቴአትር ሌላ ቅጂ በሱቁ ያለው ባለንብረት ቢኖር፣ በዚህ ጋዜጣ በኩል ቢያስታውቀን ምስጋናችን የላቀ ነው። በቆጠራው መዝገባችን ላይ ግን 58ቱ ካሴቶች «ዋጋ የሌለው» ከሚለው ዓምድ ወጥተው፣ በአሠሪዬ ትእዛዝ «የማይሸጥ» በሚል አዲስ ዓምድ ሥር ተጽፈዋል።