የድርጅቱ ገጽ የማን ነው?

በአዳማ ከተማ አንድ ነጋዴ ሱቅ ሲከፍት ምን ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃል። ንግድ ፈቃድ ያወጣል፣ የኪራይ ውሉን በጽሑፍ ይፈራረማል፣ ቁልፉን ይረከባል፤ ትርፉን ቁልፍም ለሚያምነው የቤተሰብ ሰው ይሰጣል። ይኸው ጠንቃቃ ሰው የፌስቡክ ገጽ ወይም የቴሌግራም ቻናል ባስፈለገው ጊዜ ግን «ልጁ ይክፈተው» ብሎ ያልፈዋል። ልጁ ማለት የእህት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ ወይም የሱቁ ሠራተኛ ነው። እርሱም በገዛ ስልክ ቁጥሩ፣ በገዛ ኢሜይሉና በገዛ የይለፍ ቃሉ ከፍቶ ያስረክባል። ማስረከብ ከተባለ ነው እንጂ ቁልፉ ከእጁ አልወጣም።

ሁለት ሦስት ዓመት በሰላም ያልፋል። ገጹ ደንበኛ ያፈራል፣ ሱቁም በገጹ ይታወቃል። ከዚያ ልጁ ሥራ ይለውጣል፣ ውጭ አገር ይሄዳል፣ ወይም በደመወዝ ጉዳይ ከባለቤቱ ጋር ይቀያየማል። ጥያቄው የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ገጹ የማን ነው?

ገጽ መክፈት ብዙ ጊዜ የቴክኒክ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የንብረት ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንግድ መደብርን ግዙፍነት የሌለው ተንቀሳቃሽ ሀብት ሲል ይተረጉመዋል። መደብር ማለት መደርደሪያውና ዕቃው ብቻ አይደለም፤ የንግድ ስሙ፣ መልካም ዝናውና የኪራይ መብቱ ጭምር ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013ም ይህን ሐሳብ አልተወውም። ታዲያ ደንበኛን ከመደብሩ ጋር የሚያገናኘው ገጽ ከመልካም ዝናው ተለይቶ የሚታይበት በቂ ምክንያት የለም።

ችግሩ መብቱን ማስረዳትና ማስፈጸም ላይ ነው። ፍርድ ቤት ልጁን «አስረክብ» ብሎ ሊያዝዝ ይችላል። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ግን መቀመጫው አሜሪካ ነው፤ የሚያውቀውም አካውንቱን የከፈተውን ሰው እንጂ የንግድ ፈቃዱን ባለቤት አይደለም። ክርክሩ በቀጠሮ ሲጓተት የፋሲካ ገበያና የሠርግ ወራት ያልፋሉ። ለአንድ ልብስ ሰፊ ወይም ለአንድ ኬክ ቤት እነዚህ ሳምንታት የዓመቱ እህል ናቸው።

ጉዳዩ በአዳማ ይበልጥ የሚከብድበት ምክንያት አለ። አዳማ በእንግዳ የምትኖር ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ ተቀምጣለች። የፍጥነት መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ መንገዱ አጥሯል፤ የየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባና ሥልጠናም ሆቴሎቿን ይሞላል። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈው በሚገኙት በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔም መንገደኛው የገበያው ትልቅ ክፍል ነው። ለሦስት ቀን ሥልጠና የመጣ ሰው ሰፈሩን አያውቅም። መነጽሩ ቢሰበር፣ መኪናው ቢበላሽ፣ ለቤተሰቡ ስጦታ መግዛት ቢያምረው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስልኩን ነው። እዚያ ያልተገኘ ሱቅ ለእርሱ የለም።

እንግዲህ አከፋፈቱን በቅደም ተከተል እንመልከት።

አንደኛ፣ ስልክና ኢሜይል። ከገጹ በፊት በባለቤቱ ስም የተመዘገበ፣ ለሥራ ብቻ የሚያገለግል ሲም ካርድ ይውጣ፤ ለድርጅቱም የራሱ ኢሜይል ይከፈት። ቴሌግራም ሰውን የሚለየው በስልክ ቁጥሩ ስለሆነ ቁጥሩ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውም ይብራ። ይህ ከሌባ ይጠብቃል፤ ቻናልን ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ለማስተላለፍም ቴሌግራም ራሱ ይጠይቀዋል።

ሁለተኛ፣ ገጽ እንጂ የግል አካውንት አይሁን። ብዙ ሱቆች ፌስቡክ ላይ እንደ ሰው ተመዝግበው «ጓደኛ» ሲሰበስቡ ይታያሉ። የግል አካውንት 5,000 ጓደኛ ላይ ይቆማል፤ ለንግድ ሥራም የታሰበ አይደለም። ገጽ ግን ከአንድ በላይ አስተዳዳሪ ይቀበላል። ሙሉ ሥልጣኑ በባለቤቱ አካውንት ይሁን፤ ሁለተኛው የሚታመን የቤተሰብ አባል ይሁን፤ ልጁ ደግሞ የመለጠፍና ለደንበኛ የመመለስ ፈቃድ ብቻ ይሰጠው። በቴሌግራምም እንዲሁ ነው፤ ቻናሉ በባለቤቱ ስልክ ይከፈትና ልጁ ሥልጣኑ የተወሰነ አስተዳዳሪ ይደረግ። ባለቤቱ ስልክ መነካካት አይወድም ይሆናል፤ ካዝናውንም በየቀኑ አይከፍተውም፤ ቁልፉን ግን ለሌላ ሰጥቶ አይረሳም።

ሦስተኛ፣ አንድ ወረቀት። «ገጹ፣ ስሙ፣ ፎቶግራፎቹና የደንበኞች ዝርዝር የድርጅቱ ናቸው፤ ሥራ የለቀቀ ሰው በዚያው ቀን ያስረክባል» የሚል አጭር ስምምነት በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈረም። የልጁ ድካምም ይታሰብ፤ ክፍያው ስንት እንደሆነ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ብዙው ጠብ የሚነሳው ሥራው እንደ ውለታ ተጀምሮ እንደ ግዴታ ስለሚቀጥል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አበው።

አራተኛ፣ ስም። በዚህ አካባቢ ከተሞች ሁለት ስም አላቸው። አንዱ አዳማ ሲል ሌላው ናዝሬት ይላል፤ ቢሾፍቱና ደብረ ዘይት፣ ባቱና ዝዋይም እንዲሁ ናቸው። የሰዉ አፍ በሁለቱም ስለሚጠራ የገጹ መግለጫ ላይ ሁለቱም ይስፈሩ። ናዝሬት የሚለውን ብቻ በላቲን ፊደል የጻፈ ሰው ጉግል ወደ እስራኤሏ ናዝሬት ቢወስደው አይፈረድበትም። የሥራውን ዓይነትና አድራሻውን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መጻፍ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ድርጅትን ጉግል ካርታ ላይ ማስመዝገብም በነፃ ነው፤ «ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ» ከሚለው አድራሻ ይልቅ እንግዳን ይዞ ይመጣል።

አምስተኛ፣ የሚለጠፈው ነገር። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ደንበኛን ያርቃል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ፣ የሚያሳስት ማስታወቂያም እንዳይሠራ ደንግጓል፤ በሱቁ ውስጥ የሚጠበቀው ግልጽነት በገጹ የማይጠበቅበት ምክንያት የለም። የደንበኛ ፎቶግራፍም ጥንቃቄ ይሻል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። ፀጉሯን ተሠርታ የወጣችን ሙሽራ ከመለጠፍ በፊት አስፈቅዶ ፈቃዷን በጽሑፍ መያዝ ይገባል። የገጹ ድምፅም የሱቁ ብቻ ይሁን። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት የተሠራጨ ሐሰተኛ መረጃን እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣዋል። የሌሊት ወሬ በሱቁ ገጽ ላይ የሚያጋራ ልጅ ራሱን ብቻ ሳይሆን የሱቁንም ስም ይዞ ይወድቃል።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላም ገጹ የተሠራው በሰው መሬት ላይ መሆኑ አይዘነጋ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጧል። በዚያው ሰሞን በሻሸመኔና በባቱ ሆቴላቸውና ሱቃቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ነበሩ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮም ለአምስት ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪ.ፒ.ኤን. አይከፈቱም ነበር። በዚህኛው ጊዜ ግን ስልክና አጭር የጽሑፍ መልእክት ይሠሩ ስለነበር፣ የደንበኞቹን ቁጥር በመዝገብ የያዘ ነጋዴ ደውሎ መሸጥ ይችል ነበር፤ ደንበኞቹ በገጹ ላይ ብቻ የነበሩት ግን የሚደውልለት አልነበረውም። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

ስለዚህ በገጹ ላይ የሚደውል ደንበኛ ሁሉ፣ ፈቃዱን ከሰጠ፣ ስሙና ቁጥሩ በደብተር ይመዝገብ። ይህም ኃላፊነት እንዳለበት ይታወቅ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ ላልተፈቀደ ጉዳይ ማዋልን አይፈቅድም። ዝርዝሩን ለሌላ ነጋዴ መሸጥ የማይሞከር ነገር ነው።

ይህን የሚያነብ የባንክ ሠራተኛ፣ መምህር ወይም መሐንዲስ ራሱ ነጋዴ ላይሆን ይችላል። ለእናቱ ምግብ ቤት ወይም ለወንድሙ ጋራዥ ገጹን የከፈተው «ልጅ» ግን እርሱ ሳይሆን አይቀርም። እንዲያ ከሆነ በዚህ ሳምንት መጨረሻ አንድ ሰዓት ይመድብ። ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ አካውንት ይክፈትለት፣ ሙሉ ሥልጣኑን ያስተላልፍለት፣ የይለፍ ቃሉን በፖስታ አሽጎ ከንግድ ፈቃዱና ከኪራይ ውሉ ጋር ያስቀምጥለት። ይህን ለማድረግ ጠብ እስኪነሳ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከጠብ በኋላ ደግሞ የሚያደርገው አይገኝም።