ስለ ትንንሽ የፈረስ ግልቢያ ሜዳዎች

የፈረስ ግልቢያ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ንግሥት አን እ.ኤ.አ. በ1711 ወዳስጀመረችው ወደ እንግሊዙ አስኮት ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ሜዳ የወይዛዝርቱ ባርኔጣ ከፈረሱ እኩል ይታያል።

በአዊ ዞን በእንጅባራ ከተማ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚደረገው በዓል ግን ሌላ ጠባይ አለው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብረው፣ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የዋሉትን ፈረሰኞችና ፈረሶች ለማሰብ ነው። ጋላቢው በአብዛኛው ፈረሱን ራሱ የሚቀልብ ገበሬ፣ ተመልካቹም ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ ኮርቻና ልጓም የሚሠራው ባለሙያ፣ የፈረስ ጌጥ የሚሸጠውም ባለሱቅ ገዢውን በመልክም በስምም ያውቀዋል።

ከዚህ የሐዋሳ ነጋዴ የሚማረው አለ። ፍቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ቢገባም፣ የሲዳማ ሕዝብ በጉዱማሌ የሚሰበሰበው ዝናን ፈልጎ ሳይሆን በዓሉ የራሱ ስለ ሆነ ነው። አንድ ጊዜ ታይቶ የሚሄደውን እንግዳ ብቻ ከመጠባበቅ ይልቅ፣ ዕቃውን ለዚህ ሕዝብ ፍላጎት አስቀድሞ የሚያሰናዳ ነጋዴ በየዓመቱ የሚመለስ ደንበኛ ያገኛል።