ጢስ ያለው እሳትና ጢስ የሌለው እሳት

ለብርድ መድኃኒቱ እሳት ነው፤ ለእሳትስ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ የቆላ ሰው ላያስበው ይችላል። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል አልፎ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ የገባ ሰው ግን ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ያስበዋል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ስሜን ተራሮች ወጥቶ ወደ ጃናሞራ፣ ወደ መካነ ብርሃን የሚያልፍ መንገደኛማ የሚያገኘው ብርድ ሌላ ነው። ለሥራ የተመደበው ወጣት ሹምና ለትምህርት የመጣው ተማሪ የተከራዩአትን ጠባብ ክፍል በምን ያሙቋት? በእንጨት፣ በኩበት ወይስ በከሰል?

ይህ ጥያቄ የኛ ብቻ አይደለም። ክረምታቸው በረዶ የሆነ አገሮች በድንጋይ ከሰል ቤታቸውን ሲያሞቁ ብዙ ዘመን የተከራከሩበት ነገር ነው። የድንጋይ ከሰል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና። ቢትዩሚነስ የተባለው ለስላሳው ከሰል ዋጋው ርካሽ ነው፤ በቶሎ ይቀጣጠላል፤ ነበልባሉም ረጅምና ቢጫ ነው። ነገር ግን ሲግል ከውስጡ ብዙ ጋዝና ቅጥራን የመሰለ ነገር ይወጣል። ይህ ጋዝ በቂ አየር አግኝቶ ካልነደደ ጥቁር ጢስ ሆኖ ይበናል፤ በጢስ መውጫውም ላይ ጥላሸት ይጋገራል። አንትራሳይት የተባለው ጠንካራው ከሰል ደግሞ በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ፣ በብሪታንያም በዌልስ የታወቀ ነው። በውስጡ ያለው ጋዝ ጥቂት ስለ ሆነ ለመቀጣጠል ያስቸግራል፤ ከተያያዘ በኋላ ግን በአጭር ሰማያዊ ነበልባል ያለ ጢስ ለብዙ ሰዓት ይነዳል። ዋጋው ግን ውድ ነው።

በርካሹ መንደድ የሚያስከትለውን የሎንዶን ሕዝብ በ1945 ዓ.ም. አየው። ከኅዳር 26 እስከ 30 ቀን ነፋስ በጠፋበት ብርድ የየቤቱ ምድጃና የየፋብሪካው ጢስ ከጉም ጋር ተደባልቆ ከተማውን ሸፈነው። በዚያን ጊዜ 4,000 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ተነገረ፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን እስከ 12,000 አድርሰውታል። በ1948 ዓ.ም. ሕግ ወጥቶ ጢስ የሚከለከልባቸው ሠፈሮች ተወሰኑ፤ የሠፈሮቹም ነዋሪ ጢስ አልባ ማገዶ እንዲያነድ ተደረገ።

በእኛስ አገር? ከጎንደር በስተ ምዕራብ፣ በጭልጋ፣ የድንጋይ ከሰል አለ። ሊቃውንት በዚያው አካባቢ 27 ሚሊዮን ዓመት ያስቈጠሩ የዝሆን ዘመዶች ቅሪት አግኝተዋል። ከሰሉ ግን አንትራሳይት ቀርቶ ቢትዩሚነስም ለመባል ገና ያልበሰለ፣ ሊግናይት የተባለው፣ ዐመድ የሚበዛበት ዓይነት ነው። ስለዚህ የደባርቅ ሰው ምርጫው በሁለት የድንጋይ ከሰል መካከል አይደለም፤ በባሕር ዛፍና በእንጨት ከሰል መካከል ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን ጠልቆ ለተመለከተው ክርክሩ ያው ነው። እንጨት እንደ ለስላሳው ከሰል ጋዝ የሚበዛበት፣ የሚጤስ ማገዶ ነው። የእንጨት ከሰል ማለት ደግሞ ጋዙና ጢሱ አስቀድሞ በጫካ ወጥቶ የቀረ፣ እንደ አንትራሳይት ያለ ጢስ የሚነድ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጢስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ ስለዚህ ሰው ይሸሸዋል፣ በር ይከፍታል። ፍሙ የቀላ ማንደጃ ግን አይጤስም፣ አይሸትም፤ ስለዚህ ሰው አምኖት በር ዘግቶ ይተኛል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን በሚሸከመው ነገር ላይ የመጣበቅ ኀይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ቦታውን ሲይዝበት ሰውነት እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ሳያውቅ ከእንቅልፍ ወደ ሞት ይሻገራል። በደጋ ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከ100 እጅ 70 ያህሉ ብቻ ነውና፣ ሰውነት የሚያገኘው ኦክሲጅን አስቀድሞም ጥቂት ነው።

እንግዲያው ወደ እንጨቱ እንመለስ ብንል እርሱም ነጻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ በቤት ውስጥ ጢስ ሰበብ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚጐዱት ከጉልቻው አጠገብ የሚውሉት እናቶችና ሕፃናት ናቸው። ኩበትም ቢሆን ጢሱ ከእንጨት ይብሳል፤ ደግሞም ምድጃ የገባ ኩበት ለገብሱ ማሳ ማዳበሪያ ሳይሆን ይቀራል።

የተራራውም ሒሳብ አለ። 100 ኪሎ ደረቅ እንጨት 350,000 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይሰጣል። ይኸው እንጨት በአፈር ተዳፍኖ ቢከስል የሚገኘው ከሰል 15 ኪሎ ያህል፣ ሙቀቱም 105,000 ብቻ ነው። ማንደጃ ሙቀትን በመያዝ ከጉልቻ ቢሻልም፣ ከአሥሩ እጅ ሰባቱ ገና ቤት ሳይደርስ በጫካ ቀርቷል ማለት ነው። ይህን ሒሳብ የሚከፍለው ባሕር ዛፍ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር፤ ነገር ግን በከፍታው የሚበቅለው አስታም ለማገዶ ይቈረጣል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቈጥሮ፣ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ዳግመኛ ወደዚያ እንዳይገባ የማገዶውም ነገር ሊታሰብበት ይገባል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ የከሰል ማንደጃ በመኝታ ክፍል አይደር። ከመተኛት በፊት ወደ ደጅ ይውጣ፤ ፍሙን በዐመድ አዳፍኖ መተው መፍትሔ አይደለም፤ ረመጡም ያንኑ ጋዝ ይሰጣልና። ሁለተኛ፣ ማንደጃው በክፍሉ ውስጥ ሳለ መስኮት ወይም በር ገርበብ ይበል። ብርዱ ይገባል እንል ይሆናል፤ ይግባ! ሦስተኛ፣ እንጨት የሚያነድ ሰው በደንብ የደረቀውን ያንድድ፤ እርጥብ እንጨት ሙቀቱን ውሃ ለማትነን ይጨርሰዋል። አራተኛ፣ ቤት የሚሠራ ሁሉ ጢስ መውጫ ያብጅ፤ አንትራሳይት የሚያነዱትም ጢስ የለውም ብለው ጢስ መውጫውን አልደፈኑትም። አምስተኛ፣ ለሌሊቱ ጋቢና ብርድ ልብስ፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስም እግር ሥር፣ ከማንኛውም ፍም ይሻላሉ። ከእንቅልፉ ራሱን አሞት የነቃ ወይም ጓደኛውን ተዝለፍልፎ ያገኘ ሰው ምክንያት ሳይመረምር በሩን ይክፈት፤ በሽተኛውን ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ በቶሎ ወደ ሐኪም ያድርስ።

ደባርቅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ በየዓመቱ ብርድ የማያውቁ አዲስ ልጆች ይመጡባታል። የደጋ ልጅ ከወላጆቹ የሰማውን ምክር እነርሱ ከማንም አልሰሙም። ቤት የሚያከራይ እናት፣ አብሮ የሚያድር ጓደኛ፣ ቀድሞ የመጣ ተማሪ የመጀመሪያውን ሌሊት ሳያሳልፍ ይንገራቸው። የሚጤስ እሳት ራሱ ተው ይላል፤ የማይጤሰውን ግን ተው የሚለው ሰው ብቻ ነው።