ከመዳህ እስከ ተራራ

በኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት የካታሎን ተወላጅ ባለቅኔ ፔድሮ ባክ ኢ ሪታ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ አካላቸው በድን፣ አንደበታቸውም ዝግ ሆኖ በቀረ ጊዜ፣ ሐኪሞች ከዚህ ወዲያ ተስፋ የለም ቢሉም፣ በሜክሲኮ ሕክምና ይማር የነበረው ልጃቸው ጆርጅ፣ የተሐድሶ ሕክምናን ሥርዐት ገና ስላልተማረ (አለመማሩም ሳይበጀው አልቀረም)፣ አባቱን ቀጥ አድርጎ ለማቆም ከመታገል ይልቅ እንደ ሕፃን ከመዳህ አስጀመራቸው። የሰለለ ትከሻቸውን በግድግዳ አስደግፈው ለወራት ዳሁ፤ ጎረቤቶች የተከበረ መምህር በአራት እግሩ ሲሄድ ማየት ነውር ነው ብለው አጉረመረሙ፤ እርሳቸው ግን ከመዳህ ወደ መንበርከክ፣ ከመንበርከክ ወደ መቆም፣ ከመቆምም ወደ መራመድ ደርሰው ወደ ማስተማሩ ተመለሱ፤ ያረፉትም ከዓመታት በኋላ በኮሎምቢያ ተራራ ሲወጡ ልባቸው ቆሞ ነው።

አንጎላቸው ከሞቱ በኋላ ሲመረመር፣ በስትሮኩ የተጎዳው ክፍል ከቶ እንዳልዳነ፣ ወደ ኅብለ ሰረሰር ከሚወርዱት ነርቮችም አብዛኞቹ እንደ ጠፉ ታየ። የሞተው አልተነሣም፤ የተረፈው ግን የሟቹን ሥራ ተምሮ ተረክቦት ኖሯል። በወንጌል 38 ዓመት በደዌ የኖረው መፃጉዕ በአንዲት ቃል አልጋውን ተሸክሞ ሄደ፤ ያ የአምላክ ሥራ ነው፤ በሰው እጅ የሚሠራው ፈውስ ግን ያንኑ እርምጃ፣ ይልቁንም ለእግሩ ጥቂት የሚከብደውን እርምጃ፣ እልፍ ጊዜ መደጋገምን ይጠይቃል።

ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስቶች በሽተኛውን ደጋግመው ከወንበር ያስነሡታል፣ ክብደቱን ወደ ደከመው እግር እንዲጥል ያለማምዱታል፣ ጣቱ መሬት ላይ የሚጎተተውንም፣ ከ1961 ጀምሮ በታወቀ ዘዴ፣ ከጉልበት በታች ባለው ነርቭ ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ እየላኩ እግሩን ያነሡለታል። ሰውነትን በማንጠልጠያ አቅልሎ በትሬድሚል ላይ ማስኬድ ግን ብዙ ተስፋ ከተጣለበት በኋላ፣ በ2011 በአሜሪካ በ408 በሽተኞች ላይ ተደርጎ የወጣው ጥናት፣ በዓመቱ 52 በመቶ የሚሆኑት በመራመድ ችሎታቸው ከፍ ማለታቸውን፣ ነገር ግን የመሣሪያው ተጠቃሚዎች በቤታቸው በባለሙያ እየተመሩ ጉልበትና ሚዛናቸውን ካጠነከሩት እንዳልበለጡ አሳየ፤ መሣሪያው ለሌለው ሀገር ይህ ታላቅ ምሥራች ይመስለኛል።

ትጋትም መጠን አለው፤ 2104 በሽተኞችን ተከታትሎ በ2015 በላንሴት መጽሔት የወጣው አቨርት የተባለው ጥናት፣ ስትሮክ በመታው በ24 ሰዓት ውስጥ በሽተኛውን ከአልጋ አውርዶ አብዝቶ ማንቀሳቀስ፣ ከተለመደው እንክብካቤ ይልቅ መልካም ውጤት የማግኘትን ዕድል እንደሚቀንስ ገልጿልና፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሽተኛው መቼና ምን ያህል እንደሚነሣ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ቤተ ሰብም በፍቅር ተቻኩሎ በሰለለው እጁ ይዞ አይጎትተው፣ የደከመ ትከሻ ሲጎተት ከቦታው ሊወልቅ ይችላልና።